መልስ፦ በሐምሌ ወደ ጅቡቲ ስለ መውረድ

ወንድሜ፣ በሐምሌ አጋማሽ ጭነት ለማምጣት ከኮምቦልቻ ወደ ጅቡቲ ወደብ እንደሚወርዱ ገልጸው፣ ሙቀቱ፣ አውሎ ነፋሱና ባሕሩ ያሰጉ እንደሆነ ጠይቀዋል።

ከሁሉም የሚያሰጋው ሙቀቱ ነው። ደሴ ላይ ጋቢ በሚደረብበት በዚያው ወር ጅቡቲ ከተማ ቀን ቀን ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ዝናቡን በእኛ ደጋ ላይ አራግፎ ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ በየ100 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል እየሞቀ ስለሚሄድ፣ ባሕሩ ዳር የሚደርሰው ደርቆና አቧራ ተሸክሞ ነው፤ በዚያ አገር ካምሲን ይሉታል። ነፋሱ ሲያርፍ ደግሞ ከባሕሩ ወበቅ ይነሳል። እኔ ይበልጥ የምፈራው ወበቁን ነው፤ ላብ ካልተነነ ሰውነት ራሱን ማቀዝቀዝ ይሳነዋልና። ረዳትዎ ንግግሩ ከተምታታ ወይም መቆም ካቃተው፣ እባክዎ ጊዜ ሳይሰጡ ጥላ ውስጥ አስገብተው መላ ሰውነቱን በውኃ ያርሱት፤ ወዲያውም ሐኪም ቤት ያድርሱት። ከሚሌ እስከ ጋላፊ ያለውን መንገድ ሌሊቱ ሳይነጋ ቢጀምሩት፣ የጎማውንም ነፋስ ከመነሳትዎ በፊት ጎማው ሳይግል ቢያስለኩ ይሻላል።

አውሎ ነፋስ በዚያ ባሕር የሚነሳው በአብዛኛው በግንቦት አካባቢና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ጅቡቲን በጎርፍ የመታው ሳጋርም የመጣው በግንቦት 2010 ዓ.ም. ነበር። ወደቡ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ የተከለለ ቢሆንም፣ በሶቆጥራ ደሴት በኩል ያለው ሰፊ ባሕር በክረምት ክፉኛ ስለሚናወጥ መርከብ ሊዘገይ ይችላልና፣ ከመነሳትዎ በፊት ዕቃው መራገፉን ከአስተላላፊው ያረጋግጡ።