ሲጫወት የተነሳው ፎቶ

ልጆቼ፣

“ጋሼ፣ ሲጫወት የተነሳው ፎቶ መቼም እርስዎ ጋ አይጠፋም” አሉኝ ሁለት የጎንደሩ ክለብ የፋሲል ከነማ ደጋፊዎች። አንድ የቀድሞ ተጫዋች አርፎ ለአርባው ባነር ሊያሠሩለት ነበር። የለኝም አልኳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ከሆዴ አልወጣ ስላለ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

ለማታውቁኝ፣ ጎንደር ፒያሳ ላይ ፎቶ ቤት ነበረኝ። በደርግ ጊዜ ጀመርኩ፣ ዲጂታል መጥቶ ገበያውን እስኪወስደው ድረስ ሠራሁ። የሟቹን ስም አልጠራም፣ ቤተሰቡን አላስፈቀድኩም። የሚያውቀው ያውቀዋል።

እኔ ጋ የመጣው ለቴሴራ፣ ለተጫዋች መታወቂያ ማለት ነው፣ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ነበር። ያኔ ገና ጎረምሳ ነው። በቀጥታ ከልምምድ ነው የመጣው፤ ታኬታውን በክሩ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። የፎቶ ቤቱን ኮት አለበስኩት። በዚያ ዘመን ፎቶ ቤት ሁሉ ለደንበኛ የሚያውሰው ኮትና ክራቫት ነበረው። የእኔ ቡናማ ነበር። የጎንደር አስተማሪ ለብሶታል፣ የባንክ ሠራተኛ ለብሶታል፣ አንድ ሙሽራም ተውሶት ሄዶ በሳምንቱ ነው የመለሰው። የአባታችሁን የድሮ ጉርድ ፎቶ አውጥታችሁ እዩት፣ ምናልባት ኮቱ የእኔ ይሆናል። ለማንም ልክ አይደለም፣ ግን ማንም ይለብሰዋል። ልጁም ለበሰውና ተቀመጠ። ከወገቡ በላይ ሹም፣ ከወገቡ በታች ጭቃ።

አነሳሁት። ኮቱን ሳያወልቅ ቆመና “እሑድ ጨዋታ አለን፣ ሜዳ መጥተህ ለምን አታነሳንም?” አለኝ። “ፊልሙን ማን ሊከፍል?” አልኩት። “ክለቡ ነዋ!” አለና ራሱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሁለታችንም ክለቡን እናውቀዋለን።

እሑድ ሠርግ ነበረብኝ። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ነው የሚያነሳው። ሠርግ ላይ እያንዳንዷ ፎቶ ገዢ አላት፣ ሜዳ ላይ ግን ማን ይገዛል? ፊልሙም የማተሚያ ወረቀቱም ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ ሲጠፋም ይጠፋል። በዚያ ላይ የነበረኝ ሌንስ አንድ ባለ 50 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በእሱ ከመስመር ዳር ቆማችሁ ብታነሱ ተጫዋቹ የትንሽ ጣት ጥፍር ነው የሚያክለው። እናም አልሄድኩም። ሒሳቡ ዛሬም ልክ ነው፤ መልሱኝና ልቁጠረው ብትሉኝ እንደዚያው ነው የምቆጥረው።

ነገር ግን ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ቡድን ይሰለፋል። ስድስቱ ቆመው፣ አምስቱ በርከክ ብለው። ለዚያ ረጅም ሌንስ አያስፈልግም። ከ36ቷ አንዷ ትበቃ ነበር። ይቺ ነገር ናት የምታንገበግበኝ።

ከዚያ አዲስ አበባ ወሰዱት። ዛሬ ፕሮፌሽናል ስትሉ የፊርማ ገንዘብ ነው የሚታያችሁ። ያኔ ክለቦቹ የመሥሪያ ቤት ነበሩ፤ መብራት ኃይል አለ፣ ባንኮች አለ፣ ጦሩም ፖሊሱም የየራሳቸው ነበራቸው። ተጫዋቹ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ተቀጥሮ በወር ደመወዙ ይኖራል። እሱም በኳስ እንጀራውን የበላው እንደዚያ ነው። እኛ ጎንደር ሆነን ስሙን በራዲዮ እንጠብቅ ነበር።

ራዲዮ ካልኩ አይቀር አንዲት ነገር ላንሳ። ታኅሣሥ 1980 አገራችን አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን የሴካፋ ዋንጫ ስትወስድ እኔ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶ እያጠብኩ ነበር። ራዲዮው ውጭ ባንኮኒው ላይ ነው። ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ደምሴ ዳምጤ ሲጮህ፣ ሰፈሩ ሲጮህ፣ እኔም ሁሉን ረስቼ በሩን በረገድኩት። ብርሃኑ ገባና ሳህኑ ውስጥ የነበረው ወረቀት ሁሉ ጠቆረ። የአንዲት ሴትዮ ልጅ የክርስትና ፎቶ ነበር። ደግነቱ ኔጌቲቩ ስለነበረ ሌላ አተምኩላት።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ደጋፊዎቹ ሌላ ሲያጡ ያችኑ የቴሴራ ፎቶ አስፍተው ባነር አሠሩ። የእኔው ቡናማ ኮት ትልቅ ሆኖ ተሰቀለ። ኳስ ተጫዋች ሳይሆን የቀበሌ ሊቀመንበር መስሎ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ደጋፊዎቹ ተራ በተራ ተናገሩ። ጀግና ነበር፣ ሌጀንድ ነበር፣ የማይተካ ነበር። ጥሩ ነው፣ ግን ይሄ ለሞተ ሁሉ ይባላል። አጠገቤ የተቀመጠውን ወጣት “በየትኛው እግሩ ነበር የሚመታው?” አልኩት። ዝም አለ። አልፈርድበትም፣ ሳይወለድ ነው የተጫወተው። በኋላ አብሮት የተጫወተ አንድ ሽማግሌ ተነሣ። “ኮርነር ሊመታ ሲል ኳሷን በማሊያው ጫፍ ጥርግ ጥርግ ያደርጋት ነበር። ጭቃ ኖረም አልኖረም። ዳኛው ‘ቶሎ በል!’ እያለ ይጮህበታል” አለ። ባለቤቱ ከውስጥ ሆና “ቤትም ብርጭቆ ሳይጠርግ አይጠጣም ነበር” አለች። ድንኳኑ ሳቀ። እሷም እያለቀሰች ሳቀች። ለእኔ ሰውዬው የታወሰው ያኔ ነው።

የብሔራዊ ቡድናችን የድሮ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ መስከረም 2015 ጣሊያን አገር ሲያርፍ ስልካችሁ ላይ ያያችሁት ምን ነበር? ጃንሆይ የአፍሪካን ዋንጫ ለአምበሉ ሲሰጡት የተነሳው ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2። ግርማ ተክሌ አንድ፣ የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ ሁለት። ይህን ዛሬ የምንቆጥረው አንድ ሰው ቆሞ ስለጻፈው፣ አንድ ሰው ቆሞ ስላነሳው ነው። መንግሥቱ ታኅሣሥ 2003 አርፏል። በአፍሪካ ዋንጫ 10 ጎል እንዳለው እናውቃለን። ኳስ ይዞ እንዴት እንደሚዞር ግን ቁጥሩ አይነግራችሁም። ያየ ሰው ነው የሚነግራችሁ፣ ያየ ሰው ደግሞ እያለቀ ነው።

እናንተ ታድላችኋል። አፄዎቹ፣ ፋሲል ከነማዎች፣ በ2011 የኢትዮጵያ ዋንጫን፣ በ2013 ደግሞ በሥዩም ከበደ አሠልጣኝነት ሊጉን ሲወስዱ ሁሉም ተቀርጿል። ያ ዓመት ኮሮና ስለነበር ሊጉ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ነው የተካሄደው። ፋሲለደስ ስታዲየም ዳር ቆሞ ያየ የለም፣ ጎንደር ሻምፒዮን የሆነችው በቴሌቪዥን እያየች ነው። ምስሉ ግን አለ።

ስታዲየም ስገባ የማየው ግን ያናድደኛል። ልጁ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ የራሱን ፊት ይቀርጻል። ከኋላው ጎል ገባ፣ እሱ ፀጉሩን ያስተካክላል። ስልኩን ኪሱ አድርጎ ጨዋታውን ቢያይ ምን አለበት እላለሁ። እቤት ስገባ ደግሞ እኔው ነኝ “ማነው የቀረጸው? ላኩልኝ” የምለው። እንግዲህ ቅረጹ። ካሜራውን ብቻ ወደ ሜዳው አዙሩት። ስልካችሁ ውስጥ ሺህ ፎቶ አለ፣ ማን እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደተጫወተ፣ ዓመተ ምህረቱ የተጻፈበት አንድ የለም። “ቴሌግራም ላይ አለ” ትሉኛላችሁ። ስልኩ አራዳ ገበያ ላይ ተሰርቆ፣ የይለፍ ቃሉ ተረስቶ ስንቱ መጥቶ አልቅሶብኛል።

ልምምድ ሥሩ፣ አሠልጣኝ አክብሩ ምናምን አልላችሁም፣ የሚላችሁ ሞልቷል። አንዱን ግን እላለሁ። በየሰፈራችሁ ኳስ ተጫውቶ ያረጀ ሰው አለ። አንዱ ዘበኛ ነው፣ አንዱ ሱቅ አለው፣ አንዱ ጉልበቱ ከቤት አያስወጣውም። አሁን ሄዳችሁ ጠይቁት። “ጎበዝ ነበርክ ይባላል” አትበሉት፣ ያፍራል። “ኮርነር ማን ነበር የሚመታው?” በሉት፣ ማስቆም ያቅታችኋል። ሚስቱንም ጠይቁ፣ እሷ የበለጠ ታውቃለች።

ስለ ቲሸርቱም ልናገር። የሟቹ ፊት የታተመበት ቲሸርት ለማሠራት ያዋጣችሁትን ሲታመም ለመድኃኒት ብታዋጡለት ይሻል ነበር። ሌላ ቦታ ብናገረው ይቀየሙኛል ብዬ ነው እዚህ የጻፍኩት። እኔም አንዱን ገዝቼ ለብሻለሁ፣ ሆዴ ላይ ይጠበኛል።

የቀሩት ኔጌቲቮቼ ቤት ውስጥ በካርቶን ተቀምጠዋል። አብዛኛው ጉርድና ሠርግ ነው። ግን አሰብኩት፤ በዚያ ዘመን ኳስ ተጫዋች የጓደኛው ሚዜ ሳይሆን አይቀርም። ከሠርጎቹ መሐል እየሳቀ ሲጨፍር ይገኝ ይሆናል፣ በራሱ ልብስ። ዓይኔ ደከመ፣ የእናንተ ግን ደህና ነው። ከሰዓት ብርሃን እያለ ኑ፣ መስኮቱ ላይ ዘርግተን እናያለን። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነኝ። ስም ለመጻፍ እርሳስ ያዙ፣ እስክሪብቶ ፎቶ ጀርባ ላይ ከጻፈ ወደ ፊት ያልፋል።