ሬዲዮው ላይ ማን ሞተ?

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰኝ ጥያቄ ስለ ክራር ቅኝት ነው፣ ስለ ማሲንቆ ጭራ ነው፣ አልፎ አልፎም «ለልጄ ኪቦርድ ልግዛለት ወይ?» የሚል ነው። በዚህ ወር ግን ሳይመካከሩ የመጡ ሰዎች አንድ ነገር ላይ ተገናኙ። ክላሲካል ሙዚቃ፣ ማለትም የእነ ሞዛርትና የእነ ቤትሆቨን ሙዚቃ፣ ሬዲዮ ላይ ለምን አይሰማም? እኔ ደብረ ማርቆስ የምኖር፣ ጡረታ የወጣሁ የሙዚቃ መምህር ነኝ። የሬዲዮ ሰው አይደለሁም። ሬዲዮ በመስማት ግን የሚቀድመኝ ያለ አይመስለኝም፤ ባለቤቴ ትመስክር።

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ፍኖተ ሰላም የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ማታ ፈተና ሳርም በስልኬ የሞዛርት ፒያኖ እከፍታለሁ። በቀደም አባቴ ከጓዳ ብቅ አሉና «ማን ሞተ?» አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ነበር፤ የምራቸውን ነው። ይህ ሙዚቃ እኛ አገር ሬዲዮ ላይ ለምን ቦታ አጣ?»

አባትህ ልክ ናቸው። ሰላም በልልኝ። በእሳቸውና በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ቃል የሌለው፣ ቀስ ያለ ሙዚቃ ሬዲዮ ላይ ለረጅም ሰዓት የሰማው መቼ ነው? ትልቅ ሰው ሲሞት ነዋ። ዘፈኑ ይቋረጣል፣ ማስታወቂያው ይጠፋል፣ ያ ሙዚቃ ይገባል። ዜና አንባቢው እስኪመጣ ድረስ ጎረቤት በአጥር ላይ ይጠያየቃል። ጆሮ ይህን አይረሳም።

የእኛ ጠባይ ብቻ እንዳይመስልህ። በነሐሴ 1991 እ.ኤ.አ. በሶቭየት መሪ በጎርባቾቭ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር የሶቭየት ሕዝብ ቴሌቪዥን ሲከፍት ያገኘው የቻይኮቭስኪን «ስዋን ሌክ» የባሌ ዳንስ ነው። የመፈንቅለ መንግሥቱ ሰዎች መግለጫ ይነበባል፣ ከዚያ ደግሞ ያው ዳንስ። ቻይኮቭስኪ ምን አደረገ? ሰዉ ግን ከዚያ ወዲህ ያንን ሙዚቃ በድንገት ሲሰማ «ደግሞ ምን መጣ?» ቢል አይፈረድበትም።

ሌላው የሰማንበት መንገድ ትረካ ነው። መጽሐፍ በሬዲዮ ሲተረክ ከሥሩ የሚፈስ ሙዚቃ ነበር፣ አሁንም አለ። ሌሊት ግጥም ሲነበብም እንዲሁ። ስለዚህ እኔ ክላሲካል ሬዲዮ ላይ የለም አልልም። አለ። ግን ሁሌም አጃቢ ነው። ሐዘን ያጅባል፣ ግጥም ያጅባል፣ የሪል ስቴት ማስታወቂያ ያጅባል። ስሙ ተጠርቶ፣ አምስት ደቂቃ ለብቻው ተሰጥቶት፣ ጀምሮ ሲጨርስ ግን ስንቴ ሰማህ?

የሬዲዮ ሰዎችን ብትጠይቃቸው «አድማጭ አይወደውም» ይሉሃል። እኔ አይዋጥልኝም። ስሙን እንኳ ያልነገሩትን ነገር ሰው እንዴት ብሎ ይጠላል? ዋናው ምክንያት ሌላ ይመስለኛል። ሬዲዮ ዝምታን ይፈራል። እነሱ «ዴድ ኤር» ይሉታል። ድምፅ ለጥቂት ሰከንድ ሲጠፋ ቴክኒሻኑን የሚቀሰቅስ መሣሪያ ያላቸው ጣቢያዎች አሉ። ክላሲካል ደግሞ ሆን ብሎ ዝም ይላል። በሹክሹክታ ይጀምርና ድንገት ይፈነዳል። ኤፍ ኤም ጣቢያዎች ኮምፕረሰር የሚባል ዕቃ አላቸው። ዝግ ያለውን ከፍ፣ የጮኸውን ዝቅ አድርጎ ድምፁን ሁሉ እኩል ያደርገዋል። ለወሬና ለዘፈን ጥሩ ነው፤ ባጃጅ ውስጥም ይሰማል። ለሲምፎኒ፣ ለኦርኬስትራ ለተጻፈ ረጅም ድርሰት፣ ግን የቾቄን ተራራ ደልድሎ ሜዳ ማድረግ ነው።

ርዝመቱም አለ። የቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ ግማሽ ሰዓት አለፍ ይላል፤ ዘጠነኛው አንድ ሰዓት ያልፋል። ማስታወቂያው የት ይግባ? እንግሊዞች በ1992 እ.ኤ.አ. «ክላሲክ ኤፍ ኤም» የሚባል የንግድ ጣቢያ ሲከፍቱ መላ አገኙ። ሙሉውን ትተው ከመሀሉ አንድ ክፍል ብቻ ያጫውታሉ። አዋቂ ነን ባዮች «ቆራረጣችሁት» ብለው ተቆጡ። ጣቢያው ግን ሚሊዮኖች አድማጭ አፈራ። እኔ ከቆራጮቹ ጋር ነኝ። አንዱ ክፍል በስሙ ተጠርቶ ቢሰማ፣ ሙሉው በሰው ወሬ ሥር ከሚፈስ መቶ ጊዜ ይሻላል። የአሜሪካው ኤን ቢ ሲ እንኳ በ1937 እ.ኤ.አ. ለኦርኬስትራ መሪው ለቶስካኒኒ ብሎ የራሱን ኦርኬስትራ ያቋቋመ የሬዲዮ ድርጅት ነበር፤ በ1954 ተወው። ያ ዘመን አይመለስም፣ እኔም አልጠይቅም። አሥር ደቂቃ ነው የምጠይቀው።

ለአባትህ ደግሞ ሞዛርትን ለጊዜው ተወውና የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ክፈትላቸው። «ማን ሞተ» የሚሉህ አይመስለኝም።

«ከባሕር ዳር ነው የምጽፍልዎት፤ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ። በአንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ በበጎ ፈቃድ እሠራለሁ። ማታ ግማሽ ሰዓት «እንደፈለግሽ አድርጊው» ተብሎ ተሰጠኝ። ክላሲካል ላቀርብበት አስቤያለሁ። ጓደኞቼ «ሰው ታስተኛለሽ» እያሉ ይስቁብኛል። ከየት ልጀምር?»

እሰየው የኔ ልጅ! ማታ አይደል እንዴ? ቢተኙስ ምን አለበት?

ከጣሊያናዊው ደራሲ ከቪቫልዲ ጀምሪ። «አራቱ ወቅቶች» በ1725 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ሲታተም ለእያንዳንዱ ወቅት ግጥም ነበረው። ለሬዲዮ ከዚህ የበለጠ ምን ይመቻል? ግጥሙን በአማርኛ ትነግሪያቸዋለሽ፣ ከዚያ ሙዚቃውን ትለቂያለሽ።

የበጋውን ሦስተኛ ክፍል ውሰጂ፤ ሦስት ደቂቃ ግድም ነው። እረኛው የፈራው ደርሷል። ሰማይ ያጉረመርማል፣ መብረቅ ይበርቃል፣ በረዶ ወርዶ የቆመውን እህል አንገት አንገቱን ይቀነጥሰዋል። ይህን ለጎጃም ገበሬ ማስረዳት ያስፈልጋል? ያሸተ ጤፉ ላይ በረዶ የወረደበት ሰው ቫዮሊኖቹ ሲጣደፉ ምን እየሆነ እንደሆነ ከአንቺም ከእኔም በላይ ያውቃል። የእነሱ በጋ በረዶ እንዳለው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ንገሪያቸው፤ አለዚያ «በጋ ላይ ምን በረዶ አመጣው?» ብለው ስልክ ይደውላሉ። ቢደውሉም አይከፋም።

ቀጥለሽ የክረምቱን ሁለተኛ ክፍል አስገቢ። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሰው እሳት ዳር ተቀምጧል፣ ውጭ ይዘንባል። አንዱ ቫዮሊን ዘና ብሎ ያዜማል፣ ሌሎቹ ክራቸው በጣት እየተነካ ጠብ ጠብ ይላሉ። የሐምሌን ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቡና እየጠጣ ያሳለፈ ሰው ይህን የፈረንጅ ነገር አይለውም።

ከዚያ ወደ አገር ቤት ነይ። እማሆይ ጽጌ ማርያም በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተማሩ፤ በኋላ ካይሮ ውስጥ ኮንቶሮቪች ከሚባል የፖላንድ ቫዮሊን ተጫዋች ዘንድ ተማሩ። ከዚያ ሁሉ ትምህርት በኋላ ግሸን ማርያም ገብተው መነኑ። ለአድማጮችሽ መንገር ያለብሽ ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። ጎንደር ሆነው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎችን ያያሉ። ዜማ ሊማሩ መጥተው ሜዳ ላይ የሚተኙ ልጆች። የሚሰጣቸው ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ፒያኖ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን ሸክላ አሳተሙ፣ ገቢው ለችግረኛ ልጆች እንዲሆን። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

ጎጃም እኮ የቆሎ ተማሪ አገር ነው። ዲማ፣ ዋሸራ፣ ደብረ ኤልያስ ብለሽ ብትጠሪ፣ ከአድማጮችሽ መሀል ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ያለ ሰው አይጠፋም። ይህን ታሪክ ንገሪና ፒያኖውን ልቀቂ። ማን እንደሚተኛ እናያለን።

ለሌላ ጊዜ ደግሞ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ከተማ የተማረውን ፒያኖ ተጫዋች ግርማ ይፍራሸዋን ያዢ። አምባሰልን በፒያኖ ሲጫወት ሰው ቅኝቱን ከመጀመሪያው ጣት ያውቀዋል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደም ዋሽንት የሚነፋ እረኛን በኦርኬስትራ የጻፈበት ሥራ አለው። የዋሽንት አገር ሰው ይህን ሳይሰማ መቅረቱ ያናድደኛል።

አንድ አደራ አለኝ። ሙዚቃው ላይ አታውሪ። ከመጀመሩ በፊት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ማን ጻፈው፣ ምን ልስማበት። ሲያልቅ ስሙን ድገሚው፣ መሀል ላይ ሬዲዮ የከፈተ ሰው አለና። ቴክኒሻኑንም ቀድመሽ አስጠንቅቂው። ሙዚቃው ዝግ ሲል ጣቢያው የጠፋ መስሎት የሳሙና ማስታወቂያ ይለቅብሻል።

ደግሞ «ቪቫልዲ ከሞተ ስንት ዘመኑ» ብለሽ ከዩቲዩብ አውርደሽ እንዳትለቂ። ድርሰቱ የሁላችን ነው፤ የተቀረጸው ቅጂ ግን የተጫዋቾቹና ያስቀረጸው ድርጅት ነው። በእኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን ይጠብቃል። ጣቢያሽ ፈቃዱን ይጨርስ፣ አንቺ ሙዚቃውን ምረጪ።

«ጋሼ፣ ከዳንግላ ነው፤ ባጃጅ እነዳለሁ። አይሱዙ ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያሰማት ሙዚቃ የማን ናት? ከጓደኛዬ ጋር ተወራርደናል። እሱ የቻይና ናት ይላል።»

እየደጋገመች የምትሽከረከረዋ፣ ቲሪ ሪሪ ሪሪ የምትለዋ ከሆነች ጓደኛህ ተበልቷል። ቤትሆቨን በ1810 እ.ኤ.አ. ለፒያኖ የጻፋት «ፉር ኤሊዝ» ናት። በሕይወቱ ሳለ አልታተመችም፤ የታተመችው በ1867 ነው። ኤሊዝ ማን እንደነበረች ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ታይዋን ውስጥ የቆሻሻ መኪና እሷን እያሰማ ሲመጣ ሰው ፌስታሉን አንጠልጥሎ ይወጣል። መኪናው የሚያሰማህ ጫፏን ብቻ ነው። መሀሏ ላይ ግራ እጁ አንዷን ድምፅ እየደበደበ የሚቆጣበት ቦታ አለ፤ ፈልገህ ስማው። ውርርዱ በቢራ ከሆነ የእኔን አትርሳ።

«መምህር፣ ከደብረ ኤልያስ ነኝ፤ መሪጌታ ነኝ። ሬዲዮው የፈረንጁን ሙዚቃ ያሰማ ከሚሉ የያሬድን ዜማ ያሰማ ቢሉ አይሻልም? የኛው መች ተሰማና?»

መሪጌታ፣ ይባርኩኝ። አይጣሉም። ሦስቱን የያሬድ ዜማ ስልቶች፣ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይን ለይቶ የሚሰማ ጆሮ ጀርመናዊውን ደራሲ ባክን ለመስማት ይቸግረዋል ብዬ አላምንም። እነ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የዜማ ምልክት ሲሠሩ ባክ ሊወለድ ከመቶ ዓመት በላይ ይቀረው ነበር። ደረትና ርክርክ፣ ድፋትና ጭረት የተማረ ሰው የፈረንጁን ኖታ ሲያይ የሚደነግጥበት ምክንያት የለውም።

አንድ ነገር ግን አስታወሱኝ። ልጅ ሳለሁ፣ በንጉሡ ጊዜ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሬዲዮ በገና ያሰማ ነበር። አሥር አውታር፣ አንድ ሰው፣ ዝግ ያለ ድምፅ። ያ ሁሉ ሰው ሬዲዮውን ከቦ ዝም ብሎ ይሰማል። ደርግ ሲመጣ ያ በገና ከሬዲዮ ጠፋ፤ ከደርግ በኋላ ተመለሰ። እኛ ቤት «ረዘመ» ያለ አላጋጠመኝም። «አድማጩ ቀስ ያለ ነገር አይችልም» የሚሉኝን የሬዲዮ ሰዎች የምሞግታቸው በዚህ ነው። በገና በጾም ጊዜ ሰዓት ካገኘ፣ የያሬድ ዜማም፣ በቼሎ (በትልቁ ቫዮሊን መሰል መሣሪያ) የሚሰማው የባክ ሙዚቃም በየሳምንቱ አንዳንድ አሥር ደቂቃ ያገኛሉ። እርስዎ ስለ ዜማው ይጻፉላቸው፣ እኔ ስለ ቼሎው እጽፋለሁ። ሁለት ደብዳቤ ከአንድ ይከብዳል።

«ከሞጣ ነኝ ልጄ፤ ዕድሜዬ ገፍቷል። ልጄ የገዛልኝ ስልክ ሬዲዮ አለው ይላል፣ ስከፍተው ግን «ጆሮ ማዳመጫ ሰኩ» ይለኛል። እኔ ጆሮዬ ውስጥ ነገር መወተፍ አልወድም። ምን ላድርግ?»

እትዬ፣ ጆሮዎ ውስጥ አይግባ። ስልኩ የፈለገው ገመዱን ነው፤ አንቴና የሚሆነው እሱ ነው። ገመድ አልባው ማዳመጫ ለዚህ አያገለግልም፣ ርካሹን ባለ ገመድ ያስገዙ። ሰክተው ገመዱን ጠረጴዛው ላይ ዘርጋ አድርገው ይተዉት። ከዚያ ሬዲዮውን ከፍተው የድምፅ ማጉያ ምልክቷን ይጫኑ፤ ድምፁ ከራሱ ከስልኩ ይወጣል። ኤፍ ኤም ተራራ አይሻገርምና መስኮት አጠገብ ይሁኑ። ካንቋረረ ገመዱ ተጠቅልሎ ይሆናል፣ ፈታ ያድርጉት።