ዓርብ ከሰዓት የሚፈታ ሰው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ታናሽ ወንድሜ ስድስት ዓመት ታስሮ ሊፈታ አራት ወር ቀረው። ሰሞኑን ኬዝ ማናጀር የምትባል ሴት ቢሮዋ እየጠራች ታነጋግረዋለች። ስትወጣ የት ታርፋለህ? ስትናደድ ምን ታደርጋለህ? ጓደኞችህ እነማን ናቸው? የሚላትን ሁሉ ትጽፋለች። እሱ «ሰላይ ናት፣ ከእንግዲህ አንድ ቃል አይወጣኝም» ብሎኛል። ለመሆኑ ሥራዋ ምንድን ነው? እኛስ ምን እናድርግ? ወንድሜ የበደለው ሰው ቤት ከእኛ ብዙም አይርቅም። እናታችን ከአሁኑ እንቅልፍ የላትም።

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ከዚያው ልጀምር።

ይህን ሥራ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። ቢሮዬ የገባ ታራሚ ሁሉ ማለት ይቻላል መጀመሪያ የሚያየው እኔን ሳይሆን እስክሪብቶዬን ነው። እውነቱን ነው። የምጽፈውን እኔ ብቻ አልነበርኩም የማነበው። አለቆች ያዩታል። የአመክሮ ጉዳይ ሲነሳም ፋይሉ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ዝም ከሚላት ፊት ለፊት ይጠይቃት፦ «ይህን ማን ያነበዋል? ምን ብነግርሽ ነው ለሌላ የምታሳልፊው?» ሥራዋን የምታውቅ ከሆነች አትቆጣም። እኔ ሰውየው ገና ሳይቀመጥ እነግረው ነበር። «ራስህን ወይም ሌላ ሰው ለመጉዳት ካሰብክ፣ ለማምለጥ ካቀድክ፣ አደጋ ላይ ያለ ልጅ ካለ አልደብቅልህም። የቀረውን ግን ኮሪደር ላይ አላወራውም።» አንዳንዱ ይህን ሰምቶ ተነስቶ ይሄዳል። ብዙው ግን ይቀመጣል።

ደግሞ ዝምታም ይጻፋል። «ለመተባበር ፈቃደኛ አይደለም» ተብሎ። ስንት ሰው ላይ ጽፌዋለሁ መሰለሽ! አሁን ሳስበው ግማሾቹ ፈርተው ነው እንጂ እምቢ ብለው አልነበረም።

ወደ ሥራዋ ልምጣ። ጠባቂ አይደለችም። ጠበቃም አይደለችም። ፍርዱን መቀነስ አትችልም። ማወቅ ያለባት ወንድምሽን እዚያ ያስገባው ምን እንደነበር፣ ምን ሊመልሰው እንደሚችልና ውጭ ማን እንደሚጠብቀው ነው። ከዚያ ሕክምናውን፣ ሥልጠናውን፣ ቤተሰቡን፣ መታወቂያውን ከየሚመለከተው ቢሮ ጋር ታገናኛለች። አብዛኛው ሥራ ስልክ መደወል ነው። ስለ ንዴቱ የጠየቀችውም ለወሬ አይደለም። ያሳሰረው ንዴት ከሆነ አናጺነት ብቻ ቢያስተምሩት አይበቃውም።

የተባበሩት መንግሥታት የእስረኞች አያያዝ መመዘኛዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ተሻሽለው «የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች» ተብለዋል። ደንብ 107 ታራሚው ከወጣ በኋላ ስለሚኖረው ሕይወት መታሰብ ያለበት ከቅጣቱ መጀመሪያ አንስቶ ነው ይላል። ወረቀቱ እንዲህ ይበል እንጂ በብዙ ቦታ ስለ መውጣት የሚወራው መውጫው ሲደርስ ነው። አራት ወር ዘግይቷል። ግን ከተሠራበት ይበቃል።

አሁን የራሴን ጉድ ላውራሽ። ሥራ በጀመርኩ በሰባተኛው ዓመት ለአንድ ሰው ሰባት ገጽ ዕቅድ ጻፍኩለት። ማረፊያ አለው፣ የሙያ ሥልጠና አለው፣ የሐኪም ቀጠሮ አለው። ለባልደረቦቼ ሳይቀር አሳይቼዋለሁ፤ እንዲህ ነው የሚጻፈው ለማለት። ሰውየው ዓርብ ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ ተፈታ። ማረፊያው አዲስ ሰው የሚመዘግበው በሥራ ቀን ነው። የትራንስፖርት ድጎማውን የሚሰጠው ክፍል ተዘግቷል። እኔም ወደ ቤቴ ሄጃለሁ። ሰኞ ጠዋት ስመጣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከውጭ በኩል። ሰባቱን ገጽ አጥፎ በላስቲክ ጠቅልሏቸዋል። ሦስት ሌሊት ደጅ ነው ያደረው። አልተቆጣኝም። «ዕቅዱ ጥሩ ነው» አለኝ፣ «ብቻ የሚጀምረው ከሰኞ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ዕቅድ የምጀምረው ከመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓቶች ነው። ማን ይቀበለዋል? በምን ይሄዳል? የት ያድራል? መድኃኒቱ በእጁ ነው ወይስ «ከጤና ጣቢያ ይወስዳል» ተብሎ ቀርቷል? የዓርቡ ነገር የእኔ ብቻ ችግር እንዳልሆነ የገባኝ በኋላ ነው። እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2023 ሕግ አውጥተውለታል። መፈቻ ቀኑ ዓርብ ላይ ወይም ከበዓል ዋዜማ ላይ የወደቀበትን ታራሚ እስከ ሁለት የሥራ ቀን ቀደም አድርጎ መልቀቅ ይቻላል። ስለዚህ ዛሬውኑ መፈቻው የትኛው ቀን ላይ እንደሚውል እዩ።

መታወቂያውንም አሁን ይጠይቅ። ስድስት ዓመት ታስሮ የወጣ ሰው ወረቀቱ ወይ ጊዜው አልፎበታል ወይ ጠፍቷል። ያለ መታወቂያ ሥራም የለም፣ ባንክም የለም፣ የስልክ መስመርም የለም። የማንዴላ ደንብ 108 ተገቢ ሰነድ፣ ማረፊያና ሥራ፣ ለወቅቱ የሚሆን ልብስና መንገዱን የሚያደርስ ገንዘብ ይኑረው የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለ ሱስ አልጻፍሽልኝም። ከነበረበት ግን ይህን በደንብ አንብቢው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የተፈቱ ከ30 ሺህ በላይ ሰዎችን ተከታትሏል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመሞት አደጋቸው ከሌላው ነዋሪ በ12.7 እጥፍ በልጦ ተገኘ። ዋናው ገዳይ ከመጠን ያለፈ ዕፅ ነበር። ታስሮ ሳለ ሰውነቱ ዕፁን ይረሳል። ሰውየው ግን የድሮውን መጠን አልረሳም። ስለዚህ የሱስ ሕክምናው ሳይፈታ መጀመርና ሳይቋረጥ ውጭ መቀጠል አለበት። ለዚህ ደግሞ «ሰላይ» ያላትን ሴት ማናገር ግድ ነው።

የበደለው ሰው ጉዳይ ከባድ ነው። ወንድምሽ ቅን ሆኖ «ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ» ሊል ይችላል። እንዳያደርገው። ሳይጠበቅ ለመጣ ሰው በሩን የሚከፍተው ያ ሰው በድንጋጤ ክው ይላል። እንዳይቀርበው የሚከለክል ትእዛዝ ካለ ደግሞ ወንድምሽ በመጣበት እግሩ ወደ እስር ቤት ሊመለስ ይችላል። ትእዛዝ መኖር አለመኖሩን ኬዝ ማናጀሯ ታጣራለች። ዕርቅ ከታሰበም ተበዳዩ ከፈለገ ብቻ፣ በሠለጠነ አስታራቂ፣ ጊዜ ተወስዶበት ነው። ሌላ ዘመድ ጋር የተወሰነ ጊዜ ቢያርፍስ? አስቡበት።

ኬዝ ማናጀሯን ራስሽ ማግኘት ትችያለሽ። ያለ ወንድምሽ ፈቃድ ፋይሉን አትነግርሽም። አንቺን መስማት ግን ትችላለች። እውነቱን ንገሪያት። ቤት ውስጥ ቦታ ከሌለ የለም በይ። አንድ ወር ብቻ ከሆነ አንድ ወር ብቻ በይ። ከሁሉ የሚያስቸግረኝ የነበረው «ምን ችግር አለው፣ ቤቱ ነው» ብሎ ፈርሞ በሁለተኛው ሳምንት የሚያስወጣው ቤተሰብ ነው። ያኔ ሌላ ማረፊያ ለመፈለግ ጊዜው ያልፋል።

ለእናትሽም አንድ ነገር ንገሪልኝ። የመጀመሪያው ቀን ዘመድ ሁሉ ቤቱን አይሙላው። በየደቂቃው «ምን ትፈልጋለህ?» አትበሉት። ስድስት ዓመት መብራቱ መቼ እንደሚጠፋ እንኳ የወሰነለት ሌላ ሰው ነው። ይልቅ የቤቱን ቁልፍ ስጡት። አንድ የድሮ ታራሚዬ ቤቱ በገባ ማግስት ቁልፉን ይዞ አራት ጊዜ እየወጣ እንደገባ ነግሮኛል። የሚሄድበት ኖሮት አይደለም።

ጥያቄ፦ በማረሚያ ቤት ኬዝ ማናጀር ሆኜ ከተቀጠርኩ ሦስት ወሬ ነው። 74 ፋይል ሰጡኝ። ለሁሉም እኩል ሰዓት ልስጥ ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። እያዳላሁ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አድላ። ለማን እንደምታዳላ ግን እወቅ።

አንድሩስ፣ ቦንታና ሆጅ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረቡት ሐሳብ እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ብዙው ሰዓት ወደ ወንጀል የመመለስ ዕድሉ ከፍተኛ ለሆነው ይሰጥ ነው የሚለው። ሰዓቱም ወንጀሉን በሚገፋው ነገር ላይ ይዋል፣ ሰውየው በሚገባው መንገድም ይሁን። ዕድሉ ዝቅተኛ የሆነውን ከባድ ፕሮግራም ውስጥ ብትከተው ጭራሽ ልትጎዳው ትችላለህ። ከሥራውና ከቤተሰቡ ትነጥለዋለህ፣ ከማያውቃቸው ጉደኞች ጋር ታስተዋውቀዋለህ።

እኔ ግን መጀመሪያ አካባቢ የማዳላው ሰላምታ ለሚያምርበት ነበር። ትሁቱ ታራሚ ሰዓቴን ሁሉ ይበላል። ፊቱን የሚያጠቁረው ቅጽ ሞልቶ ይሄዳል። ምናልባት አንተም ሳይታወቅህ እንደዚያው ነህ። ባለፈው ወር ከማን ጋር ስንት ሰዓት እንደተቀመጥክ ጻፈውና እየው።

ነገ ጠዋት ደግሞ 74ቱን ፋይል በስም ተራ ሳይሆን በመፈቻ ቀናቸው ደርድራቸው። ዓርብ ላይ የወደቁትን በቀይ ምልክት አድርግባቸው።