የአንድ ተዋናይ መድረክና የማይታየው ወዳጅ

ጥያቄ፦ ለቴአትር ጥያቄና መልስ ዓምድ አዘጋጅ። በጅማ ከተማ፣ ሄርማታ አካባቢ፣ ከጓደኞቼ ጋር አነስተኛ የድራማ ክበብ የምንመራ መምህርት ነኝ። በአንድ ተዋናይ ብቻ የሚቀርብና አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ቴአትር እየጻፍሁ ነው። ባለታሪኩ ወንድን የሚያፈቅር ወጣት ነው፤ በስልኩ ላይ በሐሰት ስም ከአንድ ሰው ጋር ይተዋወቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር ሁሉ የሚካሄደው በመልእክትና በስልክ ጥሪ ነው። መልእክቶቹን በመድረክ ላይ እንዴት ላሳይ? ተመልካቹ ፈጽሞ የማያየውን ሰው እንዴት ሕያው ላድርገው? የታሪኩ መነሻ አንድ ወዳጄ በምስጢር ያጫወተኝ የራሱ ሕይወት በመሆኑ፣ መልእክቶቹን እንዳሉ ብጠቀምባቸውስ? ስሜ እንዳይወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ፦ የተከበሩ እህታችን፣ የመረጡት ቅርጽ ለጉዳዩ የሚገባው ነው። በስልክ ፍቅርን የሚፈልግ ሰው ከወዳጁ ጋር ሌሊቱን ሙሉ ቢያወራም በክፍሉ ውስጥ ያለው ብቻውን ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛ ተዋናይ ቢያስገቡ ኖሮ ቴአትሩ ዋና ነገሩን ባጣ ነበር። ፈረንሳዊው ዣን ኮክቶ እ.ኤ.አ. በ1930 በፓሪሱ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ቴአትር ቤት በቀረበ ተውኔቱ መድረክ ላይ ያወጣው አንዲት ሴትን ብቻ ነው። የሚለያት ፍቅረኛዋ በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ስላለ ተመልካቹ ድምፁን አንድም ጊዜ አይሰማም፤ ሆኖም ከዝምታዋ፣ ሳትጨርስ ከምታቋርጠው ንግግሯና ከመልሷ በመነሳት እርሱ ምን እንዳለ ይረዳል። የሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የማይታየው ሰው ሕያው የሚሆነው ተዋናዩ በሚያዳምጥበት ጊዜ ነው። እያንዳንዱን ምላሽ በሙሉ ጽፈው ለተዋናዩ ይስጡት፤ በልምምድ ጊዜ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብለት፤ በትርኢቱ ዕለት ግን ንባቡ ቀርቶ ተዋናዩ የለመደው የማዳመጥ ጊዜ ብቻ ይኑር።

መልእክቶቹን በፕሮጀክተር በግድግዳ ላይ ማሳየት ቀላል መፍትሔ ቢመስልም አልመክርም፤ ተመልካች ፊደል ሲያይ ማንበብ ይጀምራል፣ ሲያነብ ደግሞ ተዋናዩን ይተዋል። ከዚህ ይልቅ ወጣቱ የሚጽፈውን ይናገረው፤ በተለይም ጽፎ ሳይልክ የሚሰርዘውን። «ናፍቀኸኛል» ብሎ ጽፎ፣ አጥፍቶ፣ «ሰላም ነው?» ብሎ የሚልክ ሰው ስለ ራሱ ብዙ ተናግሯል።

ይህ ወደ አንድ ትልቅ ጉዳይ ይወስደናል። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ጸሐፊ ባለታሪኩ በስልክ የሚያነጋግረው ወንድ ይሁን ሴት ለረጅም ጊዜ ሳይገልጽ ሊቆይ ይችላል። አማርኛችን ግን ይህን አይፈቅድም፤ «ደረስህ ወይ?» ወይም «ደረስሽ ወይ?» ማለት ግድ ነውና ተናጋሪው አፉን በከፈተ ቁጥር ይታወቅበታል፤ ከዚህ ማምለጫው «እርስዎ» ማለት ብቻ ነው፣ እርሱም ለፍቅረኛ አይሆንም። እርስዎ የሚጽፉት ግን ጅማ ላይ ነው፤ በጅማ ደግሞ በአንድ ቤት ውስጥ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን ይነገራሉ። በአፋን ኦሮሞ «አቲ» (አንተ ወይም አንቺ) ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፣ ግሱም አይለወጥም፤ «አከም ጅርታ?» (እንዴት ነህ? ወይም እንዴት ነሽ?) የተባለው ሰው ወንድ ይሁን ሴት በአጠገብ ያለ ሰሚ ሊለይ አይችልም። እንግዲህ ወጣቱ ብቻውን ሲሆን በአማርኛ «አንተ» እያለ እንደ ልቡ ያውራ፤ እናቱ ወደ ሳሎን ስትገባ ግን በዚያው የለሰለሰ ድምፅ ወደ አፋን ኦሮሞ ይሻገር። ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያውቀው የጅማ ተመልካች ለምን እንደ ተሻገረ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። መሸሸጊያውም ቢሆን ለዘላለም አይደለም፤ በአፋን ኦሮሞም «እርሱ» እና «እርሷ» የተለያዩ ስለሆኑ፣ ምራት የምትጠብቀው እናት «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ብላ በጠየቀች ጊዜ ልጁ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ይኖርበታል። «እርሷ» ካለ ውሸቱን በየቀኑ ሊያሳድገው ነው፤ «እርሱ» ካለ ደግሞ እናቲቱ ቀድማ የሰማችው ለስላሳ ድምፅ ይመሰክርበታል። እኔ ብሆን የቴአትሩን እኩሌታ በዚህች ጥያቄ ላይ በተከልሁት ነበር፤ ይህን ትዕይንት ከእርስዎና ከጅማ ልጆች በቀር በሚገባ የሚጽፈው አለ ብዬ አላምንም።

ፍርሃቱንም አይቀንሱት። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ግራይንደር የተባለው የስልክ መተግበሪያ በአቅራቢያ ያሉ ወንድን የሚያፈቅሩ ወንዶችን በርቀታቸው ቅደም ተከተል ያሳያል፤ ርቀቱ ለብቸኛ ሰው ተስፋ የሚሆነውን ያህል፣ ከስዕሉ በስተጀርባ ያለው ማን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ሥጋት ነው። በግብፅ ፖሊሶች ራሳቸውን ፍቅረኛ ፈላጊ አስመስለው ሰዎችን እያጠመዱ በመያዛቸው፣ መተግበሪያው እ.ኤ.አ. በ2014 ለዚያ አገር ተጠቃሚዎቹ ማስጠንቀቂያ አስተላልፏል። ስለዚህ ባለታሪክዎ ከጅማው ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ተነስቶ ወደ መጀመሪያው ቀጠሮ በሚሄድበት ጊዜ ልቡ የሚመታው በናፍቆት ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ተዋናዩ በእያንዳንዱ እርምጃ ሁለቱንም ይያዝ።

ሦስተኛው ጥያቄዎ ከሁሉ ይከብዳል፤ መልሴም እንዳሉ አይጠቀሙባቸው የሚል ነው። አሜሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት ዳግ ራይት ወንድ ተብላ ተወልዳ በናዚና በኮሚኒስት አገዛዝ ሥር የሴት ልብስ ለብሳና በሴት ስም ስለ ኖረችው የበርሊኗ ሻርሎተ ፎን ማልስዶርፍ፣ አንድ ተዋናይ ከሠላሳ የሚበልጡ ሰዎችን ሆኖ የሚጫወትበት ተውኔት ጽፎ እ.ኤ.አ. በ2004 የፑሊትዘር ሽልማትን አግኝቷል። ነገር ግን ሻርሎተ በአደባባይ የታወቀች፣ ቤቷን ሙዚየም አድርጋ የከፈተችና ራሷ ታሪኳን ለጸሐፊው የተረከች ሰው ነበረች። የእርስዎ ወዳጅ ግን የነገረዎት በምስጢር ነው፤ በአገራችንም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ድርጊት በወንጀል ስለሚያስጠይቅ፣ ቢታወቅበት የሚጠብቀው ሐሜት ብቻ አይደለም። የሰው አጻጻፍ እንደ አረማመዱ ነው፤ ስሙን ቢለውጡም የሚያዘወትራት አንዲት ቃል ለሚያውቀው ሰው ትበቃለች። ስለዚህ ከእርሱ የሚወስዱት ስሜቱን ብቻ ይሁን፤ ሥራውን፣ ዕድሜውን፣ ሰፈሩን፣ የተገናኙበትን ሁኔታ ሁሉ አዲስ አድርገው ይፍጠሩ፤ የላከልዎትን መልእክቶች ከስልክዎ ያጥፉ። ፈቃዱንም ሁለት ጊዜ ይጠይቁት፣ ሳይጽፉና ጽፈው ሲጨርሱ፤ በሁለተኛው ጊዜ እምቢ ካለ ሌላ ታሪክ ይጻፉ።

ስለ አቀራረቡ አልጠየቁኝም፣ ሆኖም ዝም ማለት አልችልም። ይህ ወጣት እንደ ማንኛውም ሰው በመድረክ ላይ የመታየት መብት አለው ብዬ ከልቤ አምናለሁ፤ ይሁን እንጂ ለጊዜው ማስታወቂያ ለጥፎ በአዳራሽ ማሳየትን አልመክርም። ተመልካች ተዋናዩን ከባለታሪኩ ጋር አንድ አድርጎ የማየት ልማድ አለው፤ ከትርኢቱ በኋላ በጅማው መርካቶ ብቻውን የሚሄደውም ተዋናዩ ነው። በጥቂት የሚያምኗቸው ሰዎች ፊት፣ በቤት ውስጥ፣ ያለ ቪዲዮ ቀረጻ በንባብ ይጀምሩ፤ ተዋናዩም ይህን ሁሉ አስቀድሞ አውቆ፣ ከቤተሰቡ ሁኔታ ጋር አመዛዝኖ፣ ያለ ምንም ግፊት የተስማማ ይሁን።