የመጦሪያችን መድኃኒት ለምን ይዘገያል? ለቀረበው ጥያቄ ከልምድ የተሰጠ መልስ

እህታችን፣ ኮምቦልቻ በሚሠሩበት የአረጋውያን መጦሪያ የግፊት፣ የስኳርና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች በየጊዜው እየዘገዩ ነዋሪዎች ያለ መድኃኒት እንደሚሰነብቱ ገልጸው መፍትሔ ጠይቀዋል። ደሴ አቅራቢያ በሚገኝ ማዕከል በነርስነት ስላገለገልሁ ያየሁትን እነግርዎታለሁ።

መዘግየቱን በመንገድ ማሳበብ የተለመደ ነው፤ መንገዱም አንዳንድ ጊዜ በእርግጥ ይዘጋል። ይሁን እንጂ በእኛ ዘንድ አብዛኛው መዘግየት የሚጀምረው ከማዘዣው ነበር። የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የመድኃኒት ጥያቄያቸውን ወደ አቅራቢው የሚልኩት በመደበኛነት በየ2 ወሩ በመሆኑ፣ የእናንተ አረጋውያን ፍጆታ በዚያ ጥያቄ ውስጥ ካልተቆጠረ፣ የሚመጣው መድኃኒት ለሌላው ታካሚ እንኳ ሳይበቃ ያልቃል። ስለዚህ የእያንዳንዱን መድኃኒት ስም፣ መጠንና ወርኃዊ ፍጆታ ጽፈው፣ ጥያቄው ከመላኩ አስቀድሞ ለጤና ጣቢያው የፋርማሲ ባለሙያ በእጅ ያስረክቡ። ሕመማቸው ለተረጋጋ ነዋሪዎችም ሐኪሙ የ2 ወይም የ3 ወር መድኃኒት እንዲያዝላቸው ይጠይቁ፤ መራመድ የማይችልን አዛውንት ለማዘዣ ብቻ በየወሩ በባጃጅ ማመላለስ አግባብ አይመስለኝም። የጤና መድን መታወቂያቸው በየዓመቱ መታደሱንም ይከታተሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን በመዘግየቱ ወቅት የሚደረገው ነው። መድኃኒቶች ሁሉ እኩል አይደሉም። እንደ ፌኖባርቢታል ያለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል፤ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል የተባሉት የግፊትና የልብ መድኃኒቶች በድንገት ሲቆሙ ልብን ሊጎዱ ይችላሉ፤ ለአስምና ለመገጣጠሚያ ብግነት የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎንም ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ እንዲሁ በአንድ ጊዜ አይቆምም። የእነዚህ ክምችት ለ1 ወር ከሚበቃው በታች ሲወርድ የጤና ጣቢያውን ሳይጠብቁ ከግል መድኃኒት ቤትም ቢሆን እንዲገዛ ከማዕከሉ አስተዳደር ጋር አስቀድመው ይስማሙ። ተንከባካቢዎች ከርኅራኄ የተነሣ የአንዱን ክኒን ለሌላው ሲያበድሩ፣ ወይም እንዲዳረስ ብለው ለሁለት ሲከፍሉ አይቻለሁ፤ ይህ በጥብቅ መከልከል አለበት። መድኃኒቱ ሲደርስም ያለፈውን ለማካካስ ደርቦ መስጠት አይገባም።

ኢንሱሊንን በተመለከተ፣ ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ሞቃት ስለሆነች፣ ያልተከፈተውን ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ማቀዝቀዣ ያቆዩት፤ ወደ በረዶነት እንዳይለወጥ ግን ከበረዶው ክፍል ያርቁት። የተከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ሳምንት በላይ ስለማያገለግል የተከፈተበትን ቀን በላዩ ላይ ይጻፉ፤ አዲስ ብልቃጥም 4 ሳምንቱ ከማለቁ አስቀድሞ ይዘዙ።