ወታደሮቹ «አረፉ» ወይስ «ወረዱ»?

ጥያቄ፦ ጀልባና ሄሊኮፕተር ጭነው ጦርን ከባህር ወደ ዳርቻ ስለሚያደርሱ ዘመናዊ መርከቦች አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። «አንድ ሺህ ስድስት መቶ ወታደሮች ባህር ዳርቻው ላይ አረፉ» ብዬ ጻፍኩ። እናቴ አነበበችና «ውይ! ምን አገኛቸው?» አለችኝ። ሁሉም የሞቱ መስሏት ነው። አውሮፕላን አረፈ እንላለን አይደል? ታዲያ ወታደር ለምን አያርፍም? መርከቧንስ በአማርኛ ምን ልበላት?

መልስ፦ እናትዎ ትክክል ናቸው። «አረፈ» ብዙ የተጫነበት ግሥ ነው። የደከመው ሰው ያርፋል። ወፍ ቅርንጫፍ ላይ፣ አውሮፕላን መንደርደሪያው ላይ ያርፋል። የምናከብረው ሰው ሲሞትም «አረፉ» እንላለን። በድምፅ እንኳ አይለያዩም፤ «ረ» በሁሉም ይጠብቃል። የሚለያቸው ባለቤቱ ነው። ባለቤቱ አውሮፕላን ከሆነ የሚያሻማ ነገር የለም። ሰው ሲሆን፣ ያውም ጦር ሜዳ ላይ ያለ ሰው ሲሆን ግን፣ አንባቢ ቀድሞ የሚታየው ሞት ነው። «አሳረፉ» ማለትም አያድንዎትም፤ «ጡጫ አሳረፈበት» የሚለው ይመጣል።

ግሡን ከመምረጥዎ በፊት ወታደሩ በምን መንገድ መሬት እንደረገጠ ይዩ። እነዚህ መርከቦች ወደብ አይፈልጉም፤ መንገዳቸውም አንድ ብቻ አይደለም።

የአሜሪካኖቹን «ዋስፕ» የተባለችውን መርከብ እንውሰድ። ርዝመቷ 257 ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ 40,000 ቶን ያህል ነው። በስተኋላዋ፣ ሆዷ ውስጥ፣ ሰፊ ክፍል አለ። ጀልባ ማውጣት ስትፈልግ ወደ ማጠራቀሚያዎቿ የባህር ውሃ ታስገባለች። ኋላዋ ዝቅ ይላል። በሩ ሲከፈት ባህሩ ገብቶ ክፍሉን ይሞላዋል፤ ውስጥ የነበሩት ጀልባዎች ተንሳፍፈው ይወጣሉ። ልብ ይበሉ፣ ጀልባው ከመርከቧ «ወጣ» እንጂ «ወረደ» አይባልም። ዳርቻውን ነክቶ የፊቱን መዝጊያ ሲዘረጋ ግን ወታደሮቹ ከጀልባው «ወረዱ»።

ከጀልባዎቹ አንዱ በአየር ትራስ ላይ የሚሄድ ነው። ወደ 60 ቶን ጭኖ በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። ታንክ እንኳ ይጭናል። አሸዋው ጋ ሲደርስ አይቆምም፤ ከውሃው ወጥቶ መሬቱ ላይ ይቀጥላል። ለእሱ «ወደ የብስ ወጣ» ነው ልኩ። «የብስ» ከግእዝ የመጣ ቃል ነው፤ ደረቅ ማለት ነው። በጣም የምወደው ቃል ነው፤ «መሬት» የማይለየውን ይለያል።

እዚህ ጋ አማርኛ አንድ ግሩም ነገር ይሠራል። ያው ወታደር፣ በዚያው ደቂቃ፣ ወረደም ወጣም ይባላል። ተቃርኖ አይደለም። «ወረደ» የሚነሳው ከተሳፈረበት ነገር ነው፤ «ወጣ» የሚነሳው ከውሃው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1944፣ የተባባሪዎቹ አገሮች ጦር በፈረንሳይ ዳርቻ ኖርማንዲ ላይ ሲዘምት ብዙዎቹ ወታደሮች ከጀልባ የወረዱት ውሃ ውስጥ ነበር። ወደ የብስ የወጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሁሉም አልወጡም። በሁለቱ ግሦች መካከል ባለችው አጭር ርቀት ብዙ ሰው አልቋል። ስለዚያ ቀን ሲጻፍ «ወረዱ»ንና «ወጡ»ን አንድ ላይ መጨፍለቅ የሚከብደኝ ለዚህ ነው።

ሌላው መንገድ አየር ነው። ከመርከቧ ጀርባ ሄሊኮፕተር ይነሳል፤ ኦስፕሬይም አለ። ኦስፕሬይ እንደ ሄሊኮፕተር ቀጥ ብሎ ይነሳና ሞተሮቹን ወደፊት አዘንብሎ እንደ አውሮፕላን ይበራል። «አረፈ» ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው፦ ሄሊኮፕተሩ አረፈ፣ ወታደሮቹ ወረዱ። እ.ኤ.አ. በ2014 አገልግሎት የጀመረችው «አሜሪካ» የተባለች መርከብ ያ በውሃ የሚሞላ ክፍል የላትም፤ ቦታው ለአውሮፕላኖች ተለቋል። ስለእሷ ሲጽፉ «ከሆዷ ጀልባዎች ወጡ» ቢሉ አማርኛው ያምራል፣ ነገሩ ግን ስህተት ይሆናል።

ከግሥ ወደ ስም ሲሄዱ ይጠንቀቁ። ከ«ወረደ» ሥር «ውርደት» ይወጣል፤ ለዘመቻ ስም አይሆንም። «ጦር ማውረድ» ይበሉ። ሲሳፈሩም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። «መርከቧ ወታደሮቹን አሳፈረች» የሚለው «ሳ» ካልጠበቀ ማፈር ይሆናል። ሥሩ ሌላ ነው፤ በጽሑፍ ግን አይለይም። «ወታደሮቹ ተሳፈሩ» ቢሉ ይገላገላሉ።

አሁን ወደ መርከቧ ስም። «አምፊቢየስ» ከግሪክ የመጣ ነው፤ ሁለት ዓይነት ኑሮ ያለው እንደማለት ነው። ለእንቁራሪት ይስማማል። «የባህርና የየብስ መርከብ» ብለው ከተረጎሙት ግን አንባቢ መርከቧ ራሷ መሬት ላይ የምትወጣ ይመስለዋል። እሷ ባህር ላይ ትቀራለች፤ የሚሻገረው ጦሩ ነው። ስለዚህ «ጦር አውራጅ መርከብ» እላለሁ። «ጫኝና አውራጅ»ን ያስታውሳል የሚሉኝ አሉ። ያስታውስ፤ ሥራው ያው ነው፣ «ጦር» ከፊቱ ስላለም አያሻማም። ጀርባዋ ሜዳ ስለሆነ «አውሮፕላን ተሸካሚ» የሚሏትም አሉ። አውሮፕላን መሸከሟ እውነት ነው፤ የተሠራችው ግን ለጦሩ ነው።

ወታደሮቹንስ? «አየር ወለድ» ካልን «ባህር ወለድ» ማለት ይቻላል ባይ ነኝ። ለሰዎቹ እንጂ ለመርከቧ አይሁን።

ዓረፍተ ነገርዎን እንዲህ ያስተካክሉት፦ «አንድ ሺህ ስድስት መቶ ወታደሮች ከጀልባ ወርደው ወደ የብስ ወጡ።» በአየር ከመጡ ደግሞ፦ «ሄሊኮፕተሮቹ ዳርቻው ላይ አርፈው ወታደሮቹን አወረዱ።» ሁለቱንም ለእናትዎ ያንብቡላቸው፤ ምን እንዳሉም ይጻፉልኝ።