ቦቱ የማቆሚያ ደንብ አለው፤ ዝምታዎስ?

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሰው ነኝ። በክሪፕቶ ገበያ ላይ በራሴ ቀመር የሚገዛና የሚሸጥ ቦት (ራሱን ችሎ የሚሠራ ፕሮግራም) ጽፌ በእሱ እተዳደራለሁ። ገበያው ቅዳሜና እሑድ አይልም፤ ሌሊትም አይዘጋም። ባለቤቴ ግን «ቤት ውስጥ ነህ፣ ግን የለህም» እያለች ትነዘንዘኛለች። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስልኬን ሳይ ካገኘችኝ ቀኑን ሙሉ ታኮርፋለች። ባለፉት አራት ወራት ካፒታሌ (ከፊሉ አብረን ያጠራቀምነው ነው) ከነበረበት ጣሪያ 31 በመቶ ወርዷል። ቦቱን ሁለት ሦስቴ በእጄ አግዤዋለሁ። «ሥራ እንዴት ነው?» ስትለኝ «ደህና ነው» እላታለሁ፤ ብነግራትም አይገባትም። ሥራዬን እንድትረዳልኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የማይዘጋ ገበያ ላይ መሥራት ምን ያህል እንደሚያደክም ይገባኛል። ደብዳቤዎን ሳነብ ግን አልፌው መሄድ ያቃተኝ «ብነግራትም አይገባትም» የሚለው ነው።

ምኑ ነው የማይገባቸው? የፈንዲንግ ሬት (ውል ይዘው የሚቆዩ ነጋዴዎች በየጊዜው እርስ በርስ የሚከፋፈሉት ክፍያ) ስሌት ላይገባቸው ይችላል። ባክቴስት፣ ማለትም ቀመርን በድሮ ዳታ ላይ መፈተን፣ ምን እንደሆነም ላያውቁ ይችላሉ። ከ100 ላይ 31 ሲቀነስ 69 እንደሚቀር ግን ማንም ያውቃል። ባለቤትዎ መረዳት አቅቷቸው አይደለም፤ አልተነገራቸውም። «ደህና ነው» ይባላሉ፤ በስልክ ብርሃን የሚያዩት ፊት ግን ደህና አይደለም። በዚህ ላይ ሚዛኔ ወደ እሳቸው ያደላል፤ አይቀየሙኝ።

ቦት የሚጻፈው እኛ ተኝተን እንዲሠራ ነው። የፖዚሽን (የተከፈተና ገና ያልተዘጋ ንግድ) መጠን ጣሪያ፣ የዕለት ኪሳራ ገደብና ሁሉንም ዘግቶ የሚያቆም ትእዛዝ ኮዱ ውስጥ ካሉ፣ በዚያ ሰዓት ስልክ ማየት የሚጨምርልዎ ነገር የለም። ከሌሉ ደግሞ ቁጭ ብሎ ኮዱን ማረም ነው እንጂ ሌሊት መጠበቅ አያድነውም። ታዲያ ምን ፍለጋ ነው የሚነሡት? እንደሚመስለኝ አንድ ቁጥር እየጠበቁ ነው። ኪሳራው ተመልሶ፣ «ትንሽ ወርዶ ነበር፣ አሁን ግን ተስተካክሏል» የሚሉበትን ቀን። ማለትም ነገሩን እንዳለፈ ታሪክ የሚያወሩበትን ቀን።

ያ ቀን ከሚያስቡት ይርቃል። 31 በመቶ የወረደ ገንዘብ ወደ ቦታው እንዲመለስ 45 በመቶ ገደማ ማትረፍ አለበት፤ ግማሹ ከሄደ ደግሞ 100 በመቶ። እንዲህ የሚጠብቅ ሰው ይቸኩላል፤ የቸኮለ ሰው ሌቨሬጅ ይጨምራል፤ ማለትም ከራሱ ገንዘብ በላይ በብድር ይነግዳል። በ10 እጥፍ ሌቨሬጅ የተያዘ ፖዚሽን ዋጋው በተቃራኒው 10 በመቶ ሳይሞላ ሊኩዊዴት ይደረጋል፤ ማለትም በግድ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 2020 ቢትኮይን በአንድ ቀን ከሲሶ በላይ ወርዷል። እርስዎ እዚያ ደርሰዋል አልልም። «በእጄ አግዤዋለሁ» ማለትዎ ግን ያሳስበኛል። እጅ ከገባበት በኋላ ባክቴስቱ አሁን ስለሚሠራው ነገር የሚነግርዎ የለም። በድሮው ዳታ ላይ የተፈተነው ቀመሩ ነው፤ ከሚስቱ ምስጢር ይዞ በሌሊት የነቃው ሰው አልተፈተነም። ቦቱን እንዲያግዙ ያደረገዎ ገበያው ነበር ወይስ ዝምታው? ይህን ለራስዎ ቢመልሱ ደስ ይለኛል።

ደግሞም «ካፒታሌ» ብለው «አብረን ያጠራቀምነው»ን በቅንፍ አስገብተውታል። ባለቤትዎ ያሉት እዚያ ቅንፍ ውስጥ ነው።

ምን ቢደረግ ይሻላል? ከተቻለ በዚህ ሳምንት፣ ፖዚሽኖቹን ዘግተው ወይም በጣም ቀንሰው፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ሆኖ ሦስት ቁጥር ይንገሯቸው፦ ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደቀረ፣ ስንት ላይ ሲደርስ እንደሚያቆሙ። ሦስተኛውን አብረው ቢወስኑት እመርጣለሁ። ያተረፉበትን ቀን አይጠብቁ። የሌሊት ማንቂያው ለሦስት ነገር ብቻ ይሁን፦ ግንኙነት ሲቋረጥ፣ ፖዚሽን ከጣሪያው ሲያልፍ፣ ማርጂን (ለፖዚሽኑ ያስያዙት ገንዘብ) ሊያልቅ ሲቃረብ። ኪሳራ ለማስመለስ መጠን እየጨመሩ ወይም እየተበደሩ ከሆነ ግን ይህ ምክር አይበቃዎትም፤ ባለሙያ ጋር በአካል ይቅረቡ። ንግግሩ ወደ ጭቅጭቅ ከሄደም ሁለታችሁም አብራችሁ ብትሄዱ ይረዳል።

ባለቤትዎ ሊቆጡ ይችላሉ፤ ቁጣቸውን «አልገባትም» ብለው አይተርጉሙት። መጀመሪያ የሚጠይቁትም ስለ ገንዘቡ ላይሆን ይችላል፤ «ከመቼ ጀምሮ?» ሊሉ ይችላሉ። ቀኑን በትክክል ይዘው ይቀመጡ።